«በእረፍት ሰዓታቸው ቡና ሲጠጡ» አልነበርንም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ ስለ እሳት አደጋና አምቡላንስ ሠራተኞች ጭንቀት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ። ፎቶውን ሳሳያት «ይሄ ጀርባ ያንተ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ የእኔ ነው። ግራጫ ሹራብ የለበሰው ራሰ በራ እኔ ነኝ። ከሥሩ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? «ሠራተኞች በእረፍት ሰዓታቸው ቡና ሲጠጡ።»

እረፍት! ይሄን ቃል የጻፈው ሰው አንድ ቀን ይምጣና እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ «አረፍኩ» ብሎ ይመለስ እንደሆነ እናያለን።

ጋዜጠኛችሁ ሲመጣ በደንብ አስረድተነው ነበር። ፊት እንዳያነሳ ለመንነው፤ እሺ አለ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ምን እንደምንሠራም ግማሽ ሰዓት ያህል ነገርነው። እሱም ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ታትሞ ሲወጣ ግን ከዚያ ሁሉ የተረፈው የእኔ ጀርባ ነው። ይባስ ብሎ ዘገባው «ለእነዚህ ሠራተኞች እስካሁን ምንም ዓይነት ድጋፍ የለም» ይላል። ከጎኑ ድጋፉን፣ እርስ በርስ የምንደጋገፍበትን ቡና፣ በፎቶ አውጥታችሁ!

እኔ አምቡላንስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ ለቀናት እዚያው ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 1 ቀን 2011፣ የኢትዮጵያ አየር መንገዱ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፋራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው። ወደ ቆሼ ስንሮጥ ቢያንስ አንድ ሰው እናወጣለን ብለን ነበር። ቱሉ ፋራ ላይ ግን የሚጫን ሕያው ሰው አልነበረም። አልጋውን ዘርግተህ፣ ኦክሲጅኑን አዘጋጅተህ፣ እጅህን አጣምረህ መቆም ምን እንደሆነ ያልቆመ አያውቀውም። መጋቢት በገባ ቁጥር ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ይመጡብኛል።

ከቆሼ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሽታው በሎሚም በኦሞም አልለቅ አለኝ። ለዚያን ጊዜ አለቃዬ ስነግረው «ጠበል ሞክር» አለኝ። ሞከርኩ። ጠበሉ ክፉ አልነበረም። ቢያንስ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ብለውኛል። አለቃዬ ይህን አልጠየቀኝም። በኋላ የምስጋና ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

ቡናው የተጀመረው ከቱሉ ፋራ በኋላ ነው። ሦስት ሆነን ጀመርን። ደሞዝ የለው፣ ጽሕፈት ቤት የለው፤ ቡናውንና የታክሲውን ከኪሳችን ነው የምናወጣው። አለቃ አይገባም። የተባለ ነገር ከበር አይወጣም። ማንም እንዲናገር አይገደድም። በአቦል ስለ ኳስ እናወራለን። በቶና ስለ ተረኛ ፕሮግራምና ስለ መኪናው ፍሬን። በበረካ፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ሊነሳ ጫማውን ሲያጠብቅ፣ አንዱ ድንገት «ያቺ ልጅ…» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ማንም አይነሳም። ፎቶው የተነሳው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ያቀረቀረው ወጣት ስኒው ውስጥ ስኳር እየፈለገ አልነበረም።

ዘገባው ላይ የተጠቀሱት ባለሙያ፣ ያልሠለጠነ ሰው ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል ብለዋል። ልክ ናቸው፣ አልከራከርም። ጄፍሪ ሚቼል የሚባል፣ ራሱ እሳት አደጋና አምቡላንስ ላይ የሠራ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ሠራተኞችን ከአደጋ በኋላ ሰብስቦ የማነጋገሪያ ዘዴ አወጣ፤ ብዙ አገር ተከተለው። በኋላ ሲጠና ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተሰብስቦ ያዩትን መተረክ ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም እንደማይከላከል፣ አንዳንዱን እንዲያውም ሊያባብስበት እንደሚችል ታየ። ለዚህ ነው እኛ «ንገረን» የማንለው። የወሰድነው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። ሦስት ነገር ነው የሚለው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። እናያለን፦ ማን ሥጋ መብላት ተወ፣ ማን አረቄ አበዛ፣ ማን በትንሹ ይቆጣል። እናዳምጣለን። ከአቅማችን በላይ ሲሆን ሐኪም ጋ እናደርሳለን።

ማድረሱ ነው ከባዱ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው የአእምሮ ሐኪም አየ ከተባለ «አማኑኤል ገባ» ተብሎ ይቀለድበታል። ሁለቱን ራሴ ይዤ ሄጃለሁ፤ ወረፋ አብሬ ጠብቄያለሁ። አንደኛው «ታማሚው ማነው?» ስትባል ራስህን ጠቁም ብሎኝ ነበር። ራሴን ጠቆምኩ። በኋላ ሐኪሙ ፊት ነው የተሳሳቅነው። የአቻ ለአቻ ድጋፍ የሚባለው ይሄ ነው፤ የኳስ ውጤት የሚመስለው ሰው ካለ ብዬ ነው።

ደግሞስ የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ማለት ለእናንተ ደሞዝ መዝገብ ላይ ያለ ብቻ ነው? ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከዚያ የተረፉትን፣ በአካፋና በእጃቸው ሲቆፍሩ የሰነበቱትን ገበሬዎች ማን ቡና ጠጡ አላቸው? በአንድ መስመር እንኳ አላነሳችኋቸውም።

በዘገባችሁ መጨረሻ ደግሞ «የምሥራች» ብላችኋል። የአቻ ለአቻ ድጋፍን «ለማስተዋወቅ» በሆቴል አውደ ጥናት ሊካሄድ ነው። እሰይ! የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ ባነር ተሰቅሎ። ከተጠራን እንመጣለን፤ ከእኛ ጋር እንድንተዋወቅ። አበል ካለውም አንጠላም፤ የጀበናችን አፍ ተሸርፏል።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። የፎቶውን መግለጫ አርሙ። ሁለተኛም፣ በግራ ጥግ ጀበና የያዘች እጅ ብቻ ትታያለች፤ ሴትዮዋን ቆርጣችኋታል። ለዓመታት የአደጋ ጥሪ ስልክ ስታነሳ የኖረች ናት። እኛ ቢያንስ ቦታው ደርሰን መጨረሻውን እናያለን። እሷ ጩኸቱን ትሰማና መስመሩ ይቋረጣል፤ ሰውዬው ይትረፍ ይሙት ማንም ደውሎ አይነግራትም። «በረካ ሳይደርስ አትነሱ» የሚለውን ሕግ ያወጣችውም እሷ ናት። ፎቶውን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ አትቁረጧት። የእሷ ፊት ቢታይ ችግር የለውም፤ ጠይቄያታለሁ።

ጡረተኛ የአምቡላንስ ሹፌር
ከአዲስ አበባ