ያ ጭራ እንጂ ራስ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ እባብ ስትጽፉ ሁሌ ስለሚገድለው ነው። እስኪ አንዴ ስለማይገድለውም ጻፉ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከምያንማርና ከታይላንድ እስከ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው ባለ ቀይ ጭራ ቱቦ እባብ ጭራሽ መርዝ የለውም። ሰው ግን ሲያየው ዱላ ነው የሚፈልገው።

በከፊል ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ይቅር ይበለኝና። ሲደነግጥ ከመሸሽ ይልቅ ራሱን ከተጠመጠመ ገላው ሥር ቀብሮ አጭር ጭራውን ጠፍጠፍ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳል፤ የጭራው ሥር ደማቅ ቀይ ስለሆነ አንገቱን ነፍቶ ሊነድፍ የተዘጋጀ ኮብራ ይመስላል። ጠላቱ ጭራው ላይ ሲረባረብ ራሱ ይተርፋል። አሪፍ ዘዴ ነው፣ ለሰው ሲሆን ግን ጭራሽ ያስገድለዋል።

እንጂ ጭምት ፍጥረት ነው። ቀን እርጥብ አፈርና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይወጣል። መንጋጋው እንደ ዘንዶ ስለማይለጠጥ ወፍራም ነገር መዋጥ አይችልም፤ ስለዚህ እንደሱው ቀጭንና ረጅም የሆኑትን፣ ሌሎች እባቦችንና እባብ መሳይ ዓሦችን ይበላል። እንቁላልም አይጥልም፣ ይወልዳል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከጭራው አጠገብ ያሉት ጥቃቅን እሾህ መሳይ ነገሮች ናቸው፤ የጥንት እግሩ ቅሪት ናቸው!

ለይቶ የማያውቅ ሰው ይንካው አላልኩም፣ ራቅ ይበል። እናንተ ግን የእባብ ፎቶ ስታወጡ መርዛማ መሆን አለመሆኑን ከሥሩ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ