የሶቪየት ተሐድሶ የተሰናከለው በዋጋ ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሶቪየት ኅብረትን ያፈረሳት የመጨረሻው መሪዋ የሚካኤል ጎርባቾቭ የዋህነት ነው ይላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሞስኮ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ስለነበርሁ፣ ይህ አባባል ዋናውን ጉዳይ ዘሎታል ብዬ አምናለሁ (ቀኖቹም ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኢኮኖሚው ጎርባቾቭ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ደክሞ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲ ኮሲጊን በ1965 ፋብሪካዎች በሽያጭና በትርፍ ጭምር እንዲመዘኑ የሚያደርግ ማሻሻያ ቢጀምሩም፣ ሥልጣናቸው የተነካባቸው ሚኒስቴሮች ቀስ በቀስ ባዶ አስቀሩት። የምዕራብ ሳይቤሪያ ነዳጅ ከውጭ እህል እየገዛ ሕመሙን ሸፈነው፤ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ግን ገመናው ወጣ።

ከሁሉም የከፋው ዋጋ ነበር። በ1962 የያኔው የሶቪየት መሪ ክሩሽቾቭ የሥጋና የቅቤ ዋጋ በመጨመራቸው በደቡብ ሩሲያ የምትገኘው የኖቮቸርካስክ ከተማ ሠራተኞች አደባባይ ወጡ፤ ወታደሮች ተኩሰው 26 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መሪ ሁሉ የዳቦንና የሥጋን ዋጋ መንካት ፈራ። ዳቦ ከእህል ረክሶ፣ ገበሬው ከመንግሥት ሱቅ ዳቦ ገዝቶ አሳማውን እስከ መቀለብ ደረሰ።

በ1987 ወጥቶ በ1988 ሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት ድርጅቶች ሕግ ሥራ አስኪያጆች ደመወዝ እንዲጨምሩ በር ሲከፍት፣ የታሰበው የዋጋ ማሻሻያ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የሰው ኪስ ሞላ፤ መደርደሪያው ተራቆተ። የቁጠባ ደብተሩ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነ። በሳይቤሪያ ያለው የኩዝባስ የከሰል አካባቢ ማዕድን ቆፋሪዎች በሐምሌ 1989 ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ሳሙና ነበር፤ ከከሰል ጉድጓድ የወጣ ሰው መታጠቢያ ሳሙና አጥቶ ማለት ነው።

በግንቦት 1990 ጠቅላይ ሚኒስትር ኒኮላይ ሪዥኮቭ የዳቦ ዋጋ ወደፊት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ለምክር ቤቱ አስቀድመው ተናገሩ። በማግሥቱ ከማደሪያችን አጠገብ ያለው ሱቅ ስደርስ ማካሮኒውም ዱቄቱም አልቋል፤ ሻጯ ከእንጨት ማስያዋ ጀርባ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ አንዲት አሮጊት ብቻ በመረብ ቦርሳቸው ስድስት ፓኬት ጨው ተሸክመው ይወጣሉ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ነዋሪ መሆኑን በፓስፖርት ላላሳየ አይሸጥም ተባለ፤ እኛም የመኖሪያ ፈቃዳችንን እያሳየን ገዛን።

በጥር 1991 ደግሞ የ50 እና የ100 ሩብል ኖቶች በድንገት ተሻሩ፤ ለመቀየሪያ የተሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። የማደሪያችን በር ጠባቂ የነበሩት እናት ለቀብራቸው ያስቀመጧቸውን ኖቶች በመሃረብ ቋጥረው በዚያ ብርድ ሲሰለፉ አይቻለሁ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። የፈሩት የዋጋ ጭማሪ በመጨረሻ የመጣው ሚያዝያ 2 ቀን 1991 ነው፤ ያን ጊዜ መንግሥትን የሚያምን ሰው እምብዛም አልቀረም ነበር።

በእኔ እምነት የጎርባቾቭ ትልቁ ስሕተት፣ ሕዝቡ ገና ተስፋ ባደረገባቸው በ1987 እና በ1988 ዋጋን ሳይነኩ ማለፋቸው ነው። በጉዳዩ ላይ ዳግም ስትጽፉ የእነዚያን ሁለት ዓመታት ውሳኔዎች እንድትመረምሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ