የሞተር ክበባችን ዓመት፦ ከሚሌ የመጣችው ሞተር

መስከረም ላይ ደሴ ባለው ትምህርት ቤታችን ለሞተር ክበቡ የተመዘገበው ተማሪ ብዛት አስደንግጦኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ለካ ሞተር ሳይክል መንዳት የምናስተምር መስሏቸው ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው አይነዳም ስላቸው ግማሹ በሁለተኛው ሳምንት ወደ እግር ኳስ ክበብ ሄደ። አልተቀየምኩም።

ዓመቱን ሙሉ ይዞን የከረመው ጥያቄ የመጣው ከጥበቃ ሠራተኛችን ነው። ወንድማቸው አፋር ቆላ ካለችው ሚሌ አሮጌ ሞተር ሰጧቸው። እዚያ እንደ ጥይት ነበረች አሉ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትይዝ ግን ነዳጅ ሲሰጧት ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ጉልበት የሚባል የላትም። አንድ ጋራዥ ወስደዋት "ሞተሩ መውረድ አለበት" ተብለው ብዙ ብር ተጠየቁ። ካንዴላዋን፣ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን ዕቃ እንኳ፣ ነቅሎ ያየ የለም!

እኛ ነቀልነው። ጥላሸት የጠጣ፣ ጫፉ እርጥብ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት። ጤነኛ ካንዴላ ቀለል ያለ ቡናማ ነው፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል፣ ከጠቆረ በዝቷል። "ታዲያ ቤንዚኑን ማን ጨመረባት?" አለች አንዷ ተማሪ። ማንም። አየሩ ነው የቀነሰው፤ ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ተራራ ወጣ ቆላ ወረደ አያውቅም፤ ለሚሌ በተለካለት ቀዳዳ ደሴም ላይ ያፈሳል።

በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለኩ የሚረጩት አዳዲሶቹ ኢንጀክሽን ሞተሮች ግን ያውቃሉ። ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር አንድ መካኒክ ጋበዝንና ነገሩን ገለጠልን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰንጠረዥ አለ፣ ማፕ ይሉታል። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላው በኩል ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተከፈተ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ቤንዚኑ ለስንት ሚሊ ሴኮንድ ይረጭ የሚል ቁጥር ተጽፏል። የአየሩን ግፊትና ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች ደግሞ ቁጥሩን ያስተካክሉታል። ለካንዴላው እሳትም ሌላ ሰንጠረዥ አለው። ቤንዚን ተቀጣጥሎ እስኪነድ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ነው እሳቱ የሚሰጠው፤ ዙሩ ሲጨምር ቀደም ብሎ። በጣም ከቀደመ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ከዘገየ ይደነዝዛል።

እሺ፣ ይኼ ለነጂው ምኑ ነው? ልጆቹ ካርቶን ላይ ሰንጠረዡን ሠሩት። አንዱ ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራ እጀታ ይጠመዝዛል፣ ሌላዋ ከሳጥኑ ቁጥሩን ትጠራለች፣ ሦስተኛው በሲሪንጅ ያንኑ ያህል ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይረጫል። 3፣ 4፣ 5 ሲባል ውሃው ሸርተት እያለ ይገባል። ከዚያ ሆን ብዬ አንዷን ሳጥን 2፣ ቀጣይዋን 9 አደረግኳት። እጀታው ትንሽ ሲነካ ውሃው ተፈናጥሮ የልጁን ሸሚዝ አራሰው። "ይኼ ነው መንገጫገጭ" አልኳቸው። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ ጉልበቱ የሚመጣበት መንገድ ነው የተበላሸው። ከተማ ውስጥ ቀስ ብለህ ስትነዳ፣ ነዳጅ ዘግተህ መልሰህ ስትከፍት ወደፊት ገፍቶ የሚያስደነግጥህ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያች የሰንጠረዡ ጥግ ላይ ነው። ጭስ ለመቀነስ ሲባል ቤንዚን የሚቆጠብባት ጥግ ናት።

አንዳንዶቹ ሞተሮች ላይማ እጅህ የሞተሩን የአየር በር በቀጥታ አይከፍትም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ያማሃ አር6 ላይ አንተ ትጠይቃለህ፣ ኮምፒውተሩ ይከፍታል። "ዝናብ" የሚል ምርጫ ያላቸው ሞተሮች ያንኑ የእጅ መጠምዘዝ በዝግታ ይተረጉሙታል። የደሴን ጉምና ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ይኼ ቅንጦት አይደለም።

ያልተሳካልንም አለ። እውነተኛ ማፕ በላፕቶፕ ከፍተን ለማየት ነበር ያሰብነው፣ ገመዱንም ፕሮግራሙንም አላገኘንም። ለድምፁ ብሎ የሞተሩን ማርሚታ ያስቀየረ አንድ የቀድሞ ተማሪም ጎራ ብሎ ነበር፤ ድምፁ ጨምሯል፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ ቀንሷል። ሌላ አልናገርም።

የጥበቃችን ሞተር ግን ዳነች። መካኒኩ ቤንዚኑን የሚመጥነውን የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገ፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ዋናዋን ቀዳዳ ነቅሎ በጠባብ ቀየረ፣ አለቀ። ጋሼ ግቢውን ሁለቴ ዞሩባትና "አብሽር ቲቸር፣ ነፍሷ ተመልሷል" አሉኝ።

ሰኔ ላይ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ወደ ሚሌ ሊወርዱ ሆነ። አሁን ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሳትና ትግላለች። ልጆቹ አሮጌዋን ቀዳዳ በፌስታል ጠቅልለው ሰጧቸው፣ ወረቀትም ጻፉላቸው፦ "ጋሼ፣ ባቲን ሲያልፉ ይህቺን ያስገጥሙ፣ መርፌውንም ወደ ቦታው ያስመልሱ።" ወረቀቱ አሁንም ከመቀመጫዋ ሥር ተለጥፎ አለ።