የሰርቪስ ቤት ግንባታ ግልጽ ደንብ ያስፈልገዋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በደብረ ብርሃን ከዋናው ቤት ጓሮ ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ ኋላም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ መቅጠር ከጀመረ ወዲህ ክፍል ፈላጊው በዝቷል፤ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም መጠለያ ይሻሉ። ስለዚህ ሰርቪስ መሥራት እንደ ጥፋት መታየት የለበትም። የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው።

ብዙው ሰርቪስ ከጎረቤት አጥር ጋር ተጣብቆ ይሠራል። ክዳኑ ወደ ጎረቤት ያዘነበለና አሸንዳ የሌለው ከሆነ የክረምቱ ዝናብ በሙሉ በሌላው ሰው ግድግዳ ሥር ይወርዳል፤ አፈራችን በብዙ ሰፈር መረሬ በመሆኑ ውኃውን ቶሎ አያሰርገውም፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያረፈውንም ቤት አብሮ ያናጋል። የሽንት ቤቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ የበርካታ ተከራዮች መገልገያ ሲሆን ቶሎ ይሞላል፤ ፈሳሹም በመረሬው ውስጥ መስረጊያ ሲያጣ ወደ ግቢውና ወደ መንገዱ ይወጣል። ይህ የጤና ጉዳይ ነው፤ በጎረቤታሞች መካከል ባለ መግባባት ብቻ ሊተው አይገባም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ አነስተኛውን መኖሪያ በምድብ «ሀ» አስቀምጦ ነበር። ትንሽ ቤት እንደ ፎቅ እንዳይታይ ማድረጉ በእኔ እምነት ትክክል ነው። በዚሁ መንፈስ ከተማው ለሰርቪስ የተዘጋጁ ሁለት ወይም ሦስት የፕላን ዓይነቶች ቢያቀርብ፣ ባለይዞታው አንዱን መርጦ ካርታውን ይዞ በመቅረብ ፈቃድ ቢያገኝ፣ ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚሠራው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ደንቡም ከወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት፣ የክዳኑን አቅጣጫ፣ የጉድጓዱን መጠን ከክፍሎቹ ብዛት ጋር፣ የመስኮቱንም ስፋት በግልጽ ይወስን፤ በየቀበሌውም ይለጠፍ። መስኮቱን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ብርድ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ሕፃን ማሳደጊያ አይሆንም፣ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ ተከራዩ በክፍሉ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል።

ቀድሞ የተሠሩትን በተመለከተ ማፍረስ መጀመሪያ መሆን የለበትም። ባለቤቶቹ እስከሚቀጥለው ክረምት አሸንዳ እንዲያበጁና ጉድጓዳቸውን እንዲያሰፉ የጊዜ ገደብ ይሰጣቸው።

አንድ ነዋሪ፣ ከደብረ ብርሃን