ለአባዬ፦ ስለ መኪናው ድምፅና ስለ ጎደለው ገንዘብ

ኅዳር 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የስልኩ መስመር እየተቆራረጠ ሁለታችንንም ስላስቸገረን፣ ከምንጯጯህ ነገሩን በጽሑፍ ማስረዳቱ ይሻላል ብዬ ነው፤ ማሙሽ በትልልቅ ፊደል አትሞ እንዲሰጥዎት ነግሬዋለሁ።

የምጽፈው በዚህ ወር ስለ ላክሁት ገንዘብ ነው። ለወትሮው 400 ዶላር የነበረው 200 ሆኖ ሲደርስ፣ ያውም የሚሚ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ባለበት ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደ ተባለ መገመት አያቅተኝም። ሚሚ በስልክ «ከእኛ ይልቅ ለመኪናህ ትሳሳለህ» ብላኛለች። አልተቀየምኋትም፤ ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ከፍቶኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ዕድሜዎን በአውራ ጎዳና ጋራዥ የፈጁ ሰው ስለሆኑ፣ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ቁጥሩን አቅርቤልዎ ፍርዱን ለእርስዎ ብተው ይሻለኛል።

የምሠራበት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2021 ሥሪት ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ ነው። በጥር 2015 ስገዛው 41,000 ማይል ሄዶ ነበር፤ ዛሬ 118,000 ላይ ነው። በመስከረም ወር ፍጥነቱ 40 ማይል ሲያልፍ ከፊት በኩል የሚያጓራ ድምፅ ጀመረው። መጀመሪያ መንገዱ ነው ብዬ ችላ አልሁት። አንድ ቀን ግን በዋሽንግተን አቅራቢያ ካለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአዲስ አበባ በመጣው በረራ የደረሱ አንዲት እናት ይዤ ስሄድ፣ ሻንጣቸው መኪናውን በበርበሬ ሽታ ሞልቶት ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ሳለ፣ «ልጄ፣ መኪናህ ታሟል መሰለኝ» አሉኝ። በነጋታው ወደ ዲለሩ ወሰድሁት።

ዲለር የሚባለው መኪናውን የሚሸጠው የኩባንያው ወኪል ነው፤ ከመሸጫው ጀርባ የራሱ ጋራዥ አለው። ደንበኛ የሚጠብቅበት ክፍል ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ነጻ ቡና አለው፤ ወደ ጋራዡ መግባት ግን ክልክል ነው። እርስዎ ከመኪና ሥር ሲገቡ እኔ አጠገብዎ ቆሜ 14 ቁልፍ አቀብል ነበር፤ እዚህ የራሴ መኪና ሲፈታ የማየው በመስታወት በኩል ነው። ስድስት ሰዓት ጠበቅሁ። ሶፋው ምቹ ስለሆነ አብዛኛውን በእንቅልፍ አሳለፍሁት፤ ድካም እንዳይመስልዎት።

የሠራተኛ ዋጋቸው በሰዓት 195 ዶላር ነው። ሰዓቱም የግድግዳ ሰዓት አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ የተጻፈበት መዝገብ አለ፤ መካኒኩ የሁለት ሰዓቱን ሥራ በአንድ ሰዓት ቢጨርሰውም ደንበኛው የሚከፍለው የሁለት ሰዓት ነው። ትናንሾቹም ጋራዦች በዚሁ ዓይነት መዝገብ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ የእነርሱ ሰዓት 125 ዶላር መሆኑ ላይ ነው።

ድምፁ ከጎማዎቹ ያልተስተካከለ አበላል የመጣ ነው ተባልሁና አራቱንም አስቀይሬ፣ አሰላለፋቸውንም አስተካክለውልኝ 1,140 ዶላር ከፈልሁ። የሚሚ ገንዘብ የሄደው እዚያ ነው። ጎማዎቹ በእርግጥ አርጅተው ነበር፤ ነገር ግን እነዚያኑ ጎማዎች ጎማ ብቻ ከሚሸጥ ቤት በ760 ዶላር ገደማ አገኛቸው እንደ ነበር የጠየቅሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው። መኪናውን ይዤ ስወጣ ድምፁ አብሮኝ ወጣ። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ የሁለቱም የፊት ጎማዎች ኩሽኔታ ይቀየር ብለው 1,260 ዶላር ጻፉልኝ።

የመካኒክ ልጅ ሆነህ ለምን ከዚያ ሄድህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሾፌሮች ተሰብስበን ተራ በምንጠብቅበት ቦታ ሁሉም የሚለው «ከዲለር ውጭ ከነካኸው ዋስትናው ይሰረዝብሃል» ነው፤ እኔም ይህን አምኜ ሁለት ዓመት ሊሞላ ዘይት እንኳ ሌላ ቦታ አላስቀየርሁም። በኋላ ተቀምጬ ሳነበው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 የወጣ ማግኑሰን ሞስ የሚባል የአገሪቱ ሕግ፣ አምራቹ አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ በቀር «ከእኔ ወኪል ዘንድ ካላስጠገንህ ዋስትናህን አላከብርም» እንዲል በመሠረቱ አይፈቅድለትም። የሚያስፈልገው አገልግሎቱን በጊዜው ማድረግና ደረሰኙን ማስቀመጥ ነው። ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው፤ የጠቅላላው መኪና ዋስትና 36,000 ማይል ወይም ሦስት ዓመት፣ የሞተርና የካምቢዮው 60,000 ማይል ወይም አምስት ዓመት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መኪናውን ስገዛው አልቆ ነበር፤ ሁለተኛውም በገዛሁ በስድስት ወር ገደማ አለቀ። የቀረኝ የሃይብሪዱ ባትሪ ዋስትና ብቻ ነው፤ እርሱ እስከ 150,000 ማይል ወይም አሥር ዓመት ይሄዳል። ለሞተ ዋስትና ስገብር ኖሬአለሁ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን የዋስትናው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከዚህ በፊት በነበረችኝ አሮጌ መኪና፣ በቤቱ ጓሮ የሚሠራ የአገር ልጅ ዘንድ ሄጄ 600 ዶላር ከፍዬ ነበር። የአገር ሰው ስለሆነ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ዘይት ማፍሰስ ጀመረች፤ ብደውል ስልኩን አያነሣም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ግን እጅ ነሥተን፣ ስለ አየሩ አውርተን ተለያየን። ከዚያ ወዲያ ቢያንስ የሚጮኹበት ሰው፣ የሚያሳዩት ወረቀት ያለበትን ቦታ መረጥሁ። ሰው በማያውቅበት አገር እጁን የሚያውቀው መካኒክ ሲያጣ፣ የሚገዛው ወረቀት ነው።

ያን ጊዜ ነው ድምፁን በስልክ ቀድቼ ለሚሚ የላክሁላት። እርስዎ የላኩልኝ መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዞረው ድምፁ ይለወጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁት»። ሌሊት ባዶ በሆነ ሰፊ መንገድ ላይ ወጥቼ ሞከርሁት። ወደ ቀኝ ስይዘው ጩኸቱ ባሰ፤ ወደ ግራ ስመልሰው ረገበ። ወደ ቀኝ ሲዞር ሸክሙ በግራው ጎማ ላይ ስለሚወድቅ የታመመው የግራው ነው ማለት ነው፤ የጎማ አበላል ቢሆን ኖሮ በመሪው እንዲህ ባልተለወጠ ነበር። 1,260 ዶላር የተጻፈለትን ሥራ በግማሽ የቀነሱት ከሳሪስ ሆነው ነው።

ሥራውን የሰጠሁት ለአንድ ቦሊቪያዊ ነው፤ በዚህ አካባቢ የአገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁለት ሊፍት ብቻ ያላት ጋራዥ ነች፤ የሙያ ምስክር ወረቀቱን በግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ ከጎኑ ቆሜ ማየት አልከለከለኝም። ምንም አልነገርሁትም፤ ልፈትነው ፈልጌ ነበር። መኪናውን አንሥቶ አንዱን እጁን በሞላው (በስፕሪንጉ) ላይ አሳረፈ፤ በሌላው ጎማውን አሽከረከረ። በቀኙ በኩል እጁን ቶሎ አነሣ፤ በግራው በኩል ግን ቆየ፤ ከዚያም እጄን ይዞ በሞላው ላይ አስቀመጠው። ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ እየጮኸ፣ ኮምፕረሰሩ እየሠራ፣ መበላሸቱ በመዳፌ ይታወቀኝ ነበር። ከነዕቃው 410 ዶላር አስከፈለኝ፤ አሮጌውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ በደረሰኙም ላይ ለ12 ወር ወይም ለ12,000 ማይል የሚቆይ ዋስትና ጻፈልኝ።

እንግዲህ ዲለሩን ጨርሼ ትቻለሁ ማለት አይደለም። የኋላ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት አጠገብ ለሃይብሪዱ ባትሪ አየር የሚስብ ቀዳዳ አለ፤ እንደ እኔ ሰው በሚያመላልስ መኪና ላይ ማጣሪያው በአቧራ ስለሚደፈን ባትሪው ይግላል። ይህን ያሳዩኝና ያጸዱልኝ እነርሱ ናቸው፤ ቦሊቪያዊው መኖሩንም አያውቅም ነበር። አምራቹ ጉድለት አለ ብሎ የጠራውን መኪና በነጻ የሚያስተካክሉትም እነርሱ ናቸው። የዘይት ቅየራውም ዋጋ የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ ዲለሩ 95፣ ትንሹ ጋራዥ 70 ዶላር ነው፤ ዲለሩ የቅናሽ ወረቀት ሲልክ እንዲያውም ከትንሹ ይረክሳል። ዘይቱን በርካሽ የሚቀይሩልኝ መኪናው ሊፍት ላይ ወጥቶ ሌላ ሥራ እንዲገኝለት መሆኑን አሁን ገብቶኛል። በየ5,000 ማይሉ ስለማስቀይር በዓመት ስምንት ጊዜ ነው፤ ልዩነቱ ቢደመር 200 ዶላር ነው። ገንዘቡ የሚሄደው በፍሬን ሸራ፣ በአሞርዛተርና በኩሽኔታ ነው፤ የፊት ፍሬን ሸራ ዲለሩ ዘንድ 390፣ ትንሹ ጋራዥ ዘንድ 210 ተብያለሁ። የመኪናውን የውስጥ የአየር ማጣሪያ ደግሞ በ18 ዶላር ገዝቼ በአምስት ደቂቃ ራሴ ቀየርሁት፤ ለእርሱ 85 ዶላር ከፍዬ የማውቅ መሆኔን ለማንም አይንገሩብኝ።

ማሙሽ ስለ ቪትዟ ላነሣው ጥያቄ መልሴን እርስዎ ያቃኑልኝ። የወኪሉ ጋራዥ ተራውም ዋጋውም ስለከበደው የሰፈር ጋራዥ ይሻለኛል ብሏል፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ያ መካኒክ «የታይሚንግ ቺንጋዋ ይቀየር» ማለቱን ስሰማ ደነገጥሁ። የቪትዝ ሞተር ታይሚንጉ በካቴና እንጂ በቺንጋ አይደለም፤ እርስዎ ሲሰሙ ሳይስቁ እንዳልቀሩ እገምታለሁ። ዘይቱን፣ ፍሬኑንና ከሥር ያለውን በሰፈር ያሠራ፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን ግን ከሚያምነው ሱቅ ራሱ ገዝቶ ይውሰድ፤ ሲሠራም አጠገቡ ይቁም፤ አሮጌውን ዕቃ ይቀበል። ሶማሌ ተራ ሲሄድ እርስዎ የሚያውቁትን ሰው ይጠይቅ። መሪዋ በኤሌክትሪክ ስለሆነ እርሱንና የአየር ከረጢቷን በሚመለከት ግን ውድም ቢሆን ወኪሉ ዘንድ ይሂድ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች በሙቀትና በርጥበት ብዛት እየተበላሹ፣ ሲፈነዱ ብረት የሚረጩ ሆነው በመገኘታቸው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች ተጠርተዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ ትሁን አትሁን የሻንሲ ቁጥሯን ሰጥቶ ያጣራ። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ ከሐምሌም ጀምሮ የዶላሩ ምንዛሪ ከ57 ብር ተነሥቶ መቶውን ካለፈ በኋላ እርሷን የሚተካ መኪና ልገዛላችሁ አልችልም። ይህን በግልጽ ይንገሩት፤ እኔ ስለው የቁጣ ይመስልበታል።

አባዬ፣ መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር። ሚሚ ነግራኛለች። ድምፁን ስታሰማዎት ስልኩን ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ብዙ ቆይተው፣ ምንም ሳይሉ መልሰውላት፣ ከዚያ ያንን ጥያቄ እንደ ጠየቁ ነገረችኝ። ካቻቢቴውን በሞተሩ ላይ አቁመው እጀታውን በጆሮዎ አስደግፈው፣ የኤንትሬውን የጭነት መኪና ሞተር ሲያዳምጡ ትንፋሼን ይዤ እቆም ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ያለ መሸፈኛ የሰሙት ጩኸት ነው የጎዳዎት። እኔ እዚህ ሆኜ የመኪና ኩሽኔታ ሳስመረምር የእርስዎን ጆሮ ያስመረመረ ልጅ የለም። ከላክሁት 200 ዶላር ውስጥ 80ው ለዚሁ ነው፤ ማሙሽ ያውቃል፤ ለሚሚ ግን የተነገራት ሁሉም ለሠርጉ እንደሆነ ነው። «ለሠርጉ ይሁን» ብለው እንዳይመልሱብኝ አደራ። ለሠርጉ የጎደለውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሟላለሁ፤ ኩሽኔታው ላይ 850 ዶላር ቀርቶልኛልና ከየት እንደማመጣው አውቃለሁ። በሠርጉ ቀን አለመገኘቴን ግን በገንዘብ አላሟላውም፤ ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም።

አሁን መኪናው ጸጥ ብሏል። ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ፍሬን ስይዝ ከኋላ በኩል ይንጫጫል፤ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በኋላ ይተዋል። ዝናብ ሌሊቱን ሲያድር ይብስበታል። በጥር ወር ዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ አለብኝ፤ ክፍያው 20 ዶላር ብቻ ቢሆንም እንደ እኛ አገር ቦሎ ሳያልፉ መንዳት አይቻልም። ድምፁን ቀድቼ አልልክልዎትም። ምን ምን ልሞክር፣ ጎማውን ሳወልቅ ምኑን በእጄ ልዳስስ? ጥያቄዎቹን ለማሙሽ ያጽፉትና ይላክልኝ።

ልጅዎ