ለጠፋሁብህ ወዳጄ

ሰላም ነው አንተ ሰውዬ፣ አለሁ አልሞትኩም፣ ያ ጦርነት ካለፈ ወዲህ ስልክ ማንሳት ራሱ ከበደኝና ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው እዚህ ደረስኩ፣ እንዳትቀየመኝ። ቤተሰብ ሰላም ነው፣ ኮምቦልቻም እንደምታውቃት ሙቀቷ ያው ነው።

ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ታደርቀኝ የነበረው ነገር ትዝ ይልሃል? «ውሃና ሙቀት ካለ ህይወት አይቀርም፣ ሰማዩ ሞልቷል» ትል ነበር። ያኔ ዝም ብዬ እሰማህ ነበር፣ አሁን ግን ልከራከርህ ነው ወላሂ።

አንተ ማርስ ማርስ ትላለህ፣ እኔ እዚሁ ጎረቤታችንን ልንገርህ። በባቲ በኩል ቁልቁል ወርደህ አፋር ገብተህ ወደ ሰሜን ብዙ ከተጓዝክ ዳሎል አለ አይደል፣ እርድ የተበጠበጠበት የሚመስል ቢጫና አረንጓዴ ውሃ፣ ከምንጩ ሲወጣ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈላ፣ አሲድነቱ ከመክበዱ የተነሳ መለኪያው (ፒኤች የሚሉት) ከዜሮ በታች የሚወርድ፣ ጨውማ አይወራ። በ2019 የፈረንሳይና የስፔን ተመራማሪዎች ከዛ ናሙና ወስደው ዲኤንኤውን ሁሉ ፈትሸው በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ህይወት አላገኘንም አሉ፣ ትንሽ ለዘብ ባሉት ጨዋማ ውሃዎች ግን ደቂቅ ነገሮች ሞልተዋል። በዛው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ የለም በጣም ጥቃቅን ህዋሳት አይተናል ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ገና ክርክር ነው። እኔን የገረመኝ ግን እዛ ያሉ የማዕድን ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ቁርጥ ህዋስ መምሰላቸው ነው! እዚህ አፍንጫችን ስር ያለውን በእጃችን ይዘን እየተጨቃጨቅን ማርስ ላይ ፐርሰቪራንስ የሚባለው የናሳ ሮቦት በ2024 ያገኘው የነብር ቆዳ መሰል ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ ላይ እንዴት ነው የምንምለው? ናሳ ራሱ በ2025 «የህይወት ምልክት ሊሆን ይችላል» ነው ያለው፣ ቲክቶክ ላይ ያሉት ልጆች ግን ሰርጉን ጨርሰውታል።

ደሞ ባክቴሪያ ቢገኝ እንኳ ከዛ እስከ አንተ ድረስ ያለውን መንገድ አስበው። መሬት ላይ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ደቂቅ ህይወት ነበረ፣ እንስሳ የሚባል ነገር ግን የመጣው የዛሬ 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። መሀል ላይ ያለው ወደ 3 ቢሊዮን ዓመት በአብዛኛው በአይን በማይታዩ ነገሮች አለቀ ማለት ነው እኮ። ከፀሐያችን ውጪ ከ5 ሺህ በላይ ፕላኔት ተገኝቷል፣ እሺ፣ ግን አብዛኛው ቦታ ሄደህ ቢበዛ አረንጓዴ ዝቃጭ ነው የሚቀበልህ ባይ ነኝ።

ይሄን ሳወራ እማዬ ቡና እያፈላች ሰምታኝ «እዛም ካሉ የሱ ፍጡር ናቸው፣ አንተን ምን አስጨነቀህ» ብላ ረከቦቱን ወደሷ ሳበችው። መልስ አልነበረኝም።

ለማንኛውም ውርርድ እንግባ። ዩሮፓ ክሊፐር የሚሉት መንኮራኩር በ2024 ተልኳል፣ በ2030 ጁፒተር ጋ ይደርሳል፣ ስራው ዩሮፓ በምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ላይ ከበረዶው ስር አለ የሚሉት ውቅያኖስ ለህይወት ይመች እንደሆነ ማጣራት ነው እንጂ አሳ ማጥመድ አይደለም። «ይመቻል» ቢሉ እንኳ ህይወት ተገኘ አይሉም ባይ ነኝ፣ የተሸነፈ ሰኞ ባቲ ገበያ ወስዶ የፍየል ጥብስ ይጋብዛል። ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አጣሁህ፣ ቁጥር ቀይረህ ከሆነ በእህትህ በኩል ላክልኝ።