አባዬ፣ የመምህርዎን አገር አይቼ መጣሁ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ስልክ ላይ ሁሌ «ደህና ነኝ» ስለሚሉኝ እውነቱን እህቴን ነው የምጠይቃት። መድኃኒትዎን ሲረሱ ትነግረኛለች፤ ይወቁት። ይህንንም ደብዳቤ እሷ ጮክ ብላ ታንብብልዎ፤ መነጽር ፍለጋ ግማሽ ቀን እንዳያልቅ።

ባለፈው «ለመሆኑ ያ ራስ መወዝወዝ ምን ማለት እንደሆነ ገባህ?» ብለው ጠይቀውኝ መስመሩ ተቋረጠ። ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተማሩዎት ሕንዳዊ ማለትዎ ነው። እርስዎ ሰሌዳው ላይ መልሱን ጽፈው ሲዞሩ፣ መምህሩ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርገው ዝም ይላሉ። እርስዎም ልክ ይሁን ስህተት ሳያውቁ ወደ ቦታዎ ይመለሳሉ። ይኸው መልሱ፦ ልክ ነበሩ። ምናልባት።

እዚህ ሕንድ፣ ቪሳካፓትናም ከተማ፣ ራስ መወዝወዝ አዎ ነው፣ እሺ ነው፣ ሰምቻለሁ ነው፣ እናያለንም ነው። እኛ ባጃጅ የምንለውን እዚህ ኦቶ ይሉታል። ሾፌሩን «ዩኒቨርሲቲ ድረስ በመቶ ሩፒ?» እለዋለሁ፤ ይወዘውዛል፤ እገባለሁ። ስንደርስ መቶ ሃምሳ ይለኛል። «ተስማምተን አልነበር እንዴ?» ስለው እንደገና ይወዘውዛል።

እኛም ግን ቀላል አይደለንም። አከራዬን «አንቲ» ነው የምላቸው፤ እዚህ ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲ ነው። አንድ ጠዋት «በላህ ወይ?» ሲሉኝ በእኛ አገር ወግ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኳቸው። ደነገጡ። ውኃ አመጡ። በማግስቱም ስደግመው ልጃቸውን ጠርተው አስም እንዳለብኝ ነገሩት፤ እሱም የሐኪም ስልክ ሰጠኝ። አሁን ገብቷቸዋል። ልጁ እንዲያውም ለመደው፤ እኔ ራሴን እወዘውዛለሁ፣ እሱ ትንፋሹን ይስባል።

እማዬ ስለ ጾሙ አትጨነቅ በሏት። ሥጋ የማያስገባ ምግብ ቤት እንደ ልብ ነው። ጣጣው ወተቱ ነው። ሻዩን ገና ሲያፈሉት ከወተት ጋር ነው የሚያፈሉት። «ያለ ወተት» ብዬ ባዝዝ ልጁ ፈገግ ብሎ ትንሽ ወተት ያለው ያመጣልኛል።

ማታ ማታ ባሕር ዳር ስወጣ ደግሞ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ፎቶ እነሣለሁ። የዌስት ኢንዲስ ክሪኬት ተጫዋች የመሰልኳቸው አሉ። ክሪኬት እንዴት እንደሚቆጠር እንኳ አላውቅም፤ እነሱ ግን አያምኑኝም።

ሁሉም ሳቅ አይደለም። ቤት ስፈልግ በስልክ «አለ» ያሉኝ ሰዎች ፊቴን ሲያዩ «ተከራየ» ብለውኛል። ይህቺን እህቴ ትዝለላት ልል ነበር፤ ግን እርስዎ ግማሽ እውነት አይወዱም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለደሰራ በዓል ትምህርት ሲዘጋ በደቡብ ሕንድ ወዳለችው ኬራላ ወረድኩ፤ የመምህርዎ አገር። ባቡሩ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ትኬቴ አር ኤ ሲ የሚሉት ዓይነት ነበር። ሰው ካልቀረና ቦታ ካልተለቀቀ አንዱን አልጋ ለሁለት ትካፈላላችሁ ማለት ነው። የእኔ ተካፋይ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሆኑ። መሸት ሲል እሳቸው ራሳቸውን በዚያ፣ እኔ በዚህ አድርገን ተጋደምን። ከዚያ በፊት ግን ደመወዜን፣ ያላገባሁበትን ምክንያት፣ የእርስዎን ጡረታ ሳይቀር ጠየቁኝ። ሚስታቸው የቋጠሩላቸውንም ሩዝ ግድ ብለው አበሉኝ። ብቻዬን እንዳልሆን ይሰጋሉ አይደል? እዚህ ብቻ መሆን ነው የሚቸግረው።

አላፑዣ ወርጄ በጀልባ ወደ ኮታየም ተሻገርኩ። ቱሪስቱ ጣሪያ ያለውን የእንጨት ጀልባ በብዙ ሺህ ሩፒ ይከራያል። እኔ ከተማሪና ከገበያተኛ ጋር በመንግሥት ጀልባ፣ በሻይና ብስኩት ዋጋ ሄድኩ። የሩዝ ማሳው ከባሕር ወለል በታች ነው። ከጀልባው ላይ ሆነው ማሳውን ቁልቁል ነው የሚያዩት። ገበሬ ከውኃ በታች ሲያርስ! እርስዎ ቢያዩት ውኃውን ስለሚያግደው ግድብ ቀኑን ሙሉ ይጠይቁ ነበር።

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ተራራው፣ ወደ ፔሪያር። የነብር ጥብቅ ደን ነው ይላሉ፤ ነብሩ ግን አልታየም። የታየው አልቅት ነው። አስጎብኚው እስከ ጉልበት የሚደርስ የጨርቅ ካልሲ ሰጠን፤ ከላይ አጥብቀን አሰርነው። ደኑ ረጥቧል። አልቅቶቹ ቅጠል ላይ ቆመው አንገታቸውን እያንከራተቱ ሰው ይጠብቃሉ። እኔ ላይ ሁለት ወጡ፤ ጨው ነስንሶ አራገፋቸው። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ጎልማሳ ግን ካልሲውን ንቆ ስለነበር ጩኸቱ ዝንጀሮዎቹን በተነ።

ሐይቁን በቀርከሃ ታንኳ ቀዘፍንበት። ውስጡ ደረቅ ግንዶች ቆመዋል። እንግሊዞች በ1895፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወንዙን ሲገድቡት የሰመጠ ደን ነው። ከዐድዋ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ አልወደቀም። ማዶ ዝሆን ከነግልገሏ ውኃ ስትጠጣ አስጎብኚው እጁን አነሣ፤ ሁላችንም ጸጥ። የእኔ ስልክ ነው የጠራው። እርስዎ ነበሩ አባዬ! ያን ዕለት ለምን እንደዘጋሁብዎ አሁን ገባዎት።

እሑድ ኮታየም ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። የማላንካራ፣ ማለትም የሕንድ ኦርቶዶክስ ነው፤ ጃንሆይ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የአኃት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የነበሩት። ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ ወንድ በአንድ ወገን፣ ሴት በሌላ ወገን ይቆማል። ቋንቋው አልገባኝም፤ መቼ እንደሚሰገድ ግን አልጠፋኝም።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ኢትዮጵያ» ስለው እጄን ይዞ ወደ አንዲት አሮጊት ወሰደኝ። እናቱ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ፊዚክስ አስተምረዋል። ትክ ብለው አዩኝና፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ዝም በሉ!» አሉኝ። ብዙ አማርኛ ጠፍቶባቸዋል፤ ይቺ ግን ቀርታለች። ምሳ ሳልበላ አልሄድም ተባለ። በርበሬ ዛሬም እንዲያ ያቃጥላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ስለ መምህርዎ አወራኋቸው። ስማቸውን ሲጠይቁኝ የማውቀው እናንተ ያወጣችሁላቸውን ቅጽል ስም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንዴት ብዬ ልናገረው? እሳቸው ግን በዚያ ዘመን ወደ እኛ አገር የሄዱትን አስተማሪዎች ብዙዎቹን በስም ያውቃሉ፤ ልጃቸውም ስልኩን ሰጥቶኛል። እባክዎ ትክክለኛ ስማቸውን፣ በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንዳስተማሩዎት፣ ካለም ያቺን የክፍል ፎቶ እህቴ በቴሌግራም ትላክልኝ። ፎቶው ላይ የትኛው እርስዎ እንደሆኑም ምልክት ያድርጉበት፤ ሁላችሁም ያው ጎፈሬ ናችሁ።

ልጅዎ፣ ከቪሳካፓትናም